ባሌ ካቴተሩን የነቀለ ቀን

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ሽንት ቤት ገብቶ ሲቆይ ነው። ባሌ ማቴዎስ ቱላ በሚባል ሰፈር የብረት በር የሚሠራ፣ ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ነው። ያምጣል፣ ጠብ ጠብ ይልለታል፣ ይወጣል፣ ወዲያው ይመለሳል። ስጠይቀው «ብርድ ነው» ይለኛል። በዚህ ሙቀት ብርድ!

ሐኪም ዘንድ ብቻውን ሄዶ መጣ። ከሽንት ፊኛው ሥር ያለው ዕጢ፣ ፕሮስቴቱ፣ አብጦ የሽንቱን መንገድ አጥብቦታል፤ ታምሱሎሲን የሚባል ኪኒን ታዞለታል፤ ካልተሻለው ኦፕራሲዮን ይሆናል። የነገረኝ ይህን ብቻ ነው።

ከዚያ የዕድር ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጡ። በእኛ ሰፈር በሽተኛ ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ምክሩን ግን ማንም ሳይጠይቀው ያወርደዋል። አንዱ «ኦፕራሲዮን ከሆንክማ ከሚስትህ ጋር እህትና ወንድም መሆናችሁ ነው» አለው። ሌላው ኪኒኑን ትቶ የገብስ ውሃ በብዛት እንዲጠጣ አዘዘው፤ ቧንቧውን ያጥባል አለ። ባሌም ሐኪሙን ትቶ እነሱን ሰማ።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ጆግ ሙሉ ጠጣ። ሽንቱ ቆመ። ጠብም አላለም። ሆዱ ተወጠረ። ጮኸ። ራሱ የበየደውን በር በርግጫ አጎበጠው። ልይዘው ስጠጋ ገፈተረኝ። ከግድግዳ ተጋጨሁ። ከንፈሬ ደማ።

ሆስፒታል ካቴተር የሚባል የሽንት ቱቦ አስገቡለት። የሽንት ከረጢቱ ሞላ፣ እሱም እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ቱቦውን አየ። «ይህን አንጠልጥዬ ሰው ፊት አልቆምም» አለ። ሳበው። ቱቦውን ፊኛ ውስጥ የምትይዘው የተነፋች ኳስ ናት። ከነኳሷ ነቀለው። አንሶላው ደም ሆነ። ወለሉም። አንዱን ነርስ በቡጢ መታው። ተረባርበው ያዙት። ያን ቀን ጠላሁት።

ደሙ ቆሞ ሌላ ቱቦ ከገባለት በኋላ የሆስፒታሉ ሐኪም ሁለታችንንም አስቀምጦ አስረዳን። በኦፕራሲዮን ፈንታ ቱቦውን ይዞ መቆየትም እንደሚቻል ነገረን፤ ነገር ግን ኩላሊቱ መጎዳት ጀምሯል። «ኦፕራሲዮኑ ብዙውን ጊዜ ወንድነትን አይወስድም» አለው። «የዘር ፈሳሹ ግን ወደ ኋላ፣ ወደ ፊኛ ሊመለስ ይችላል። ልጅ የምታስቡ ከሆነ አሁን ንገሩኝ።» ወደ እኔ ዞሮም «እርስዎም ያስቡበት» አለኝ።

ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። እኔ ሁለተኛ ሚስቱ ነኝ። የሟች ሚስቱ ልጆች አድገው ወጥተዋል፤ እኔ አልወለድኩም።

«የመጀመሪያው ሐኪምም ይህንኑ ነግሮኝ ነበር» አለኝ። «አንቺ ሳትወልጂ እንዴት እሺ ልበል?»

አለቀስኩ። ንዴትም ነበረበት። «ልጅ ብዬ አንተን ልቅበር?» አልኩት። ፈረመ።

ቁስሉ እስኪሽር ተጠብቆ በሽንት ቧንቧው በኩል፣ ሆዱ ሳይቀደድ፣ መንገዱን የዘጋው ሥጋ ተነሣለት። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ሲያቃጥለው፣ ቀላ ሲል፣ አንዳንዴም ሲያመልጠውና ሲያፍር ከረምን፤ ማታ ማታ ሐይቅ ዳር እየወሰድኩት፣ እሱም በየዛፉ ሥር መቆሙን ቀስ በቀስ እየተወ፣ አንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ተጨዋውተን ተመለስን። ስለ ሽንት ሳናነሣ።

ልጅ አልወለድንም። ይቆጨኛል፤ ስነግረውም ቁጭ ብሎ ይሰማኛል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሐኪሙንም አመሰግናለሁ፤ ቡጢ ቀምሶ ተመልሶ ቁስሉን ያጠበለትን ነርስ ደግሞ ከሁሉ በላይ። ይህ የገጠማችሁ ወንዶች፣ ጥያቄያችሁን ለሐኪም እንጂ ለጠያቂ አታቅርቡ። አንቺም እህቴ፣ ባልሽ ሐኪም ዘንድ ሲገባ አብረሽው ግቢ። ኦፕራሲዮን አልፈልግም ካለሽ ለማን ብሎ እንደሆነ ጠይቂው። እኔ ሳልጠይቀው ልገድለው ነበር።