በሁለት እጄ የሰጠሁት አስር ሸቀል

ይህ የሆነው ባለፈው በጋ እግሬ ተሰብሮ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ነው። ዛሬም ከሕንፃችን ስር የሞተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምንኖረው እስራኤል ውስጥ፣ ሬሖቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ነው። ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ጎረቤት ከተማ ነስ ጺዮና በምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ቤት እርጥብ ወለል አንሸራተተኝና ቀኝ እግሬ በጄሶ ታሰረ። እናቴ ጽዳት ስለምትሠራ ማታ ነው የምትገባው። ስለዚህ ወታደር የሆነው ወንድሜ ካለበት ሆኖ በስልኩ ምሳ ያዝዝልኝ ጀመር።

«ምግቡን ከፍያለሁ። አንቺ ለሽሊያሑ አስር ሸቀል ቲፕ ስጪው» አለኝ። ሽሊያሕ የምንለው ምግብ አድራሹን ነው። «ያላ፣ በይ፣ ደግሞ በቀዳዳ እያየሽ ሰውየውን ደጅ አታቁሚው!»

ያውቀኛል። የማላውቀው ሰው ሲመጣ በበሩ ቀዳዳ ብዙ ካላየሁ አልከፍትም።

በመጀመሪያው ቀን ከባድ እርምጃ ሰማሁና አየሁ። አንድ ሰው ደረጃው ላይ ቆመው፣ ሄልሜታቸውን አውልቀው ላባቸውን ይጠርጋሉ። ደነገጥኩ። አባ ቦጋለ ነበሩ።

አባ ቦጋለ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው። ሰርግ ላይ የሚመርቁት እሳቸው ናቸው። ልጅ ሳለሁ አባቴ ተቆጥቶ ከቤት ሲወጣ፣ ሦስት ቀን ተመላልሰው ከእናቴ ጋር ያስታረቁትም እሳቸው ናቸው። የገቡበት ቤት ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ይነሳል። ምግብ እንደሚያደርሱ ግን አላውቅም ነበር።

ሄልሜቱን መልሰው አጠለቁ። ጥቁሩን መስታወት ፊታቸው ላይ አውርደው አንኳኩ። እንዳይታወቁ ነው ብዬ አሰብኩ።

እጄ ላይ አስር ሸቀል ነበር። ለእሳቸው ትንሽ መሰለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ሃያ አለ፤ ሃያ ብሰጥ ደግሞ ምጽዋት እንዳይመስልብኝ ፈራሁ። ምንም ካልሰጠሁ የልፋታቸውን መከልከል ነው።

«ሻሎም! ምግብ!» አሉ በዕብራይስጥ።

ያላወቅኋቸው መስዬ አስሩን ልሰጥ ቆርጬ ከፈትኩ። ሰውነቴ ግን እምቢ አለኝ። ለሽማግሌ በአንድ እጅ መስጠት አልለመድኩም። ክራንቹን ለቅቄ፣ ሳንቲሙን በሁለት እጄ ይዤ ጎንበስ አልኩ። ክራንቹ ወደቀ። እኔም ልከተለው ነበር።

«ኧረ ልጄ! ልትወድቂ ነው!» ብለው በአማርኛ ጮሁና ክንዴን ያዙኝ።

 ክራንቹን አንስተው ብብቴ ስር አደረጉልኝ፣ ምግቡን ወንበር ላይ አስቀመጡ፣ ወረዱ። አስሩ ሸቀል ወለሉ ላይ ቀረ።

በማግስቱ የመጣው ሌላ ወጣት ነው። በሦስተኛውም ቀን ሌላ። እሳቸው ቀሩ።

ማታ ለእናቴ «አሳፈርኳቸው» ብዬ አለቀስኩ።

«ዝም በይ፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለችኝ። እሷም ከፍቷት ነበር። ከወለሉ ያነሳሁትን ሳንቲም መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለሌላ ሰው ልሰጠው አልቻልኩም።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ጄሶው ተፈታ። በማግስቱ ወንድሜ የመጨረሻውን ምሳ አዘዘልኝ። ያ ከባድ እርምጃ ሲመጣ ሰማሁ። በቀዳዳው ሳይ አባ ቦጋለ ናቸው፤ ሄልሜቱን በብብታቸው ይዘዋል። ሳያንኳኩ ከፈትኩ።

«እግርሽ ተፈታ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እናትሽን ሱቅ አግኝቻት መፈታቱን ነገረችኝ። የአንቺን ቤት አብረውኝ ለሚያደርሱት ልጆች ትቼላቸው ነበር። እኔ ከመጣሁ ክራንችሽን ለቀሽ መጎንበስሽ አይቀርም፤ ተዪ ብልሽም እሺ አትይም። በዚያ እግር!»

 እኔ አሳፈርኳቸው ብዬ ስጨነቅ፣ እሳቸው የቀሩት ለእግሬ ብለው ነው።

«እኔ እኮ... ሄልሜቱን ያደረጉት እንዳይታወቁ መስሎኝ...» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ሳቁ። «ሄልሜቱንማ ያስጠለቀኝ ፖሊስ ነው!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መጀመሪያ ሰሞን ግን አፍሬም ነበር። ቤሰደር፣ ይሁን፣ አለፈ። ይልቅ ያ አስር ሸቀሌ የት ደረሰ?»

እያነከስኩ ሄጄ ከመደርደሪያው አመጣሁት። «ሃያ ላድርገው፣ አባባ?»

«አስር። ሌላው የሚሰጠኝ አስር ነው።»

በሁለት እግሬ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። «እግርሽ ይጽና፣ ልጄ። ቤታችሁ ሰላም ይሁን» ብለው መርቀውኝ ወረዱ። ሲወርዱ ጉልበታቸውን እየያዙ ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። አንዳንዴ ምግብ ሳዝዝ፣ የመጣው ማንም ቢሆን አስሩን በሁለት እጄ እሰጠዋለሁ። ወጣቶቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል፤ እኔም አፍራለሁ፣ ግን አልተውኩም። በቀዳዳ ማየቱንም አልተውኩም። ደረጃው ላይ ቆሞ ላቡን የሚጠርግ ሰው ካየሁ ግን እስኪያንኳኳ አልጠብቅም።