ባለጆሮው እንቁላል

የእንስሳት ጤና ቴክኒሺያኖች በሚሰለጥኑበት ኮሌጅ የላቦራቶሪ ምርመራ የሚያስተምረውን ሰው ተማሪዎቹ «ጠብታ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ደም ሲቀዳም ቀለም ሲጨመርም «አንድ ጠብታ ብቻ፤ ሁለት ካደረጋችሁት ጎርፍ ነው» ማለት ስለማይሰለቸው ነው። እሱም ቅጽል ስሙን ያውቃል፤ ሲጠሩት ያልሰማ ይመስላል እንጂ አይጠላውም።

ጠብታ በወጣትነቱ የሰው ሐኪም ሊሆን ነበር ሐሳቡ። ውጤቱ አልበቃ ብሎ ወደ እንስሳት ተገፋ። እንስሳቱ ደግሞ ገና ሲያዩት መራገጥ ስለሚጀምሩ ወደ ማይክሮስኮፕ ተገፋ። ማይክሮስኮፕ አይራገጥም። እዚያው እንደተቀመጠ ፀጉሩ ሸሸ፤ ሦስት ሴት ልጆቹን ዳረ፤ አብረውት የጀመሩት «ዶክተር» ሲባሉ እሱ «መምህር» እንደተባለ ቀረ። አይከፋውም ማለት አይቻልም። መጽሐፉን በገለጠ ቁጥር በሰው ስም የሚጠሩ ጀርሞችና ቀለሞች ያጋጥሙታል። አንዱ ዕድሜውን ሙሉ ጀርም ሲያቀልም ኖሮ፣ ይኸው ከሞተ በኋላ እንኳ ተማሪ በስሙ ይወድቃል።

«እኔስ ምን ጥዬ አልፋለሁ?» አላት አንድ ምሽት ሚስቱን።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን መርገጥ ሳታቆም «ሦስት ልጆች» አለችው።

«እነሱማ የሚወልዱት በባሎቻቸው ስም ነው።»

«እና ምን ይውለድልህ?»

መልሱ የመጣው በነፋሱ ወራት ነው።

ከኮሌጁ ጀርባ የሚኖሩ አንድ አዛውንት በጎቻቸው ከሱባቸው። የበጎቹ ሰገራ ለትምህርት መጣ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ሰገራው ጨው በብዛት በተሟሟበት ውሃ ይበጠበጣል፣ ይጠለላል፣ በቀጭን ብልቃጥ ይቆማል። የትል እንቁላል ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከላይ የተንሳፈፈውን በስስ መስታወት አንስቶ ማየት ነው። ጠብታ ይህን ሲያስተምር ሁልጊዜ «የአየር አረፋ እንቁላል አይደለም፤ ክር ትል አይደለም፤ ያየኸውን እንጂ ያማረህን አትጻፍ» ይላል። ሌላውን መምከር ምን ይከብዳል።

የዚያን ቀን ማይክሮስኮፑ ውስጥ ያየው ነገር በየትኛውም መጽሐፍ የለም። ሞላላ ነው፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ሁለት ክብ ጆሮ አለው። ጠብታ ዓይኑን አሸት አድርጎ ደግሞ አየ። ጆሮዎቹ አሉ። ልቡ እንደ ጎረምሳ ልብ ደለቀ።

በማግስቱ የአንድ ውሻ ሰገራ አየ፤ ባለጆሮው አለ። የዶሮ አየ፤ አለ።

ተማሪዎቹ «ጥያቄ» የሚሏት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ አንድ ትል በበግም፣ በውሻም፣ በዶሮም ሆድ ውስጥ እንዴት ይገባል?»

«አደገኛነቱ እዚህ ላይ ነው» አላት ጠብታ።

«የበጎቹ ላይ ሌላም እንቁላል አለ። ጆሮ የሌለው፣ ብዙ።»

«እሱን ተይው፤ የተለመደ ነው።»

ቀጥ ብሎ ዲኑ ቢሮ ሄደ። ዲኑ ዶክተር ናቸው፤ ማይክሮስኮፕ ካዩ ግን ብዙ ዘመናቸው ነው። በማይክሮስኮፕ ፈንታ ማይክሮፎን ለምደዋል። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎንብሰው አዩና «ጆሮው ያምራል» አሉ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ከጠብታ እጅ ወጣ። ባለጆሮውን ትል የሚከላከል ኮሚቴ ተቋቋመ። ለኮሚቴው ንዑስ ኮሚቴ ተወለደለት። በኮሌጁ በር ላይ «ባለጆሮውን ትል በጋራ እንከላከል» የሚል ትልቅ ጨርቅ ተሰቀለ፤ የበላይ ኃላፊዎች የሚገኙበት ቀንም ተቆረጠ። ትሉ ገና አልታየም፤ የታየው እንቁላሉ ብቻ ነው። ይህን ግን ማንም አላነሳውም።

«ትሉ በኔ ስም ሊጠራ ነው» አላት ጠብታ ለሚስቱ።

መርፌውን ከጥርሷ አወጣች። «ሰው መንገድ በስሙ ይሰየምለታል፣ ሲያንስ ሲያንስ ድልድይ። አንተ ከበግ ፊንጢጣ የሚወጣ ነገር ነው የተመኘኸው?»

«ሳይንስ አይገባሽም።»

«ስምህ ግን ይገባኛል፤ እኔም እጠራበታለሁ። የእገሌ ሚስት ሲሉኝ ሰውነታቸውን ሊያሳክካቸው ነው አሁን።»

ዕለቱ ወር ያህል ሲቀረው ጠብታ ለእንግዶቹ ሁለት ስላይድ ማሳየት ፈለገ፦ አንዱ ባለጆሮው ያለበት፣ ሌላው ጤነኛ። ጤነኛ እንስሳ ግን ጠፋ፤ የመረመረው ሁሉ በሽተኛ ነው። እንግዲያው ሰገራ የሌለበት ባዶ የጨው ውሃ አደርጋለሁ አለ። ዘወትር ከሚቀዳበት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ባልዲ ቀዳ፣ መስታወቱን ጫነ፣ አየ።

ባለጆሮው ቁጭ ብሎ ያየዋል።

ስላይዱን አጠበ። ደገመ። አለ። ውሃ ከሰገራ ነጻ ሆኖ ትል ሊያመው አይችልም። ጠብታ አዲስ የጨው ውሃ በዝግ ክፍል አዘጋጅቶ አየ፤ ምንም የለም። ያኔ ቀና ብሎ መስኮቱን ተመለከተ። መስኮቱ ክፍት ነው። ከውጭ ትልቅ ጥድ ቆሟል፤ ነፋሱ በወዘወዘው ቁጥር ቢጫ ዱቄት ያርከፈክፋል። የመስኮቱ ደፍ ላይ ያለውን ዱቄት በጣቱ ነክቶ ማይክሮስኮፕ ሥር አኖረው። ጆሮ በጆሮ ሆነ። ያ ሁሉ ኮሚቴ የተቋቋመው ክዳን በሌለው ባልዲ ውስጥ በወደቀ የጥድ አበባ ብናኝ ላይ ነው።

በርጩማው ላይ ብዙ ተቀመጠ። በኋላ ደግሞ የባሰው ትዝ አለው። የበጎቹን ስላይዶች አውጥቶ እንደገና አየ። ጆሮ የሌላቸው እንቁላሎች ከዳር እስከ ዳር ሞልተዋል፤ የሁለተኛ ሳምንት ተማሪ የሚለየው፣ በግ የሚያከሳና የሚገድል ተራ የጨጓራ ትል። እሱ ጆሮ ሲፈልግ በጎቹ እየሞቱ ነበር። ልጅቷ ነግራዋለች፤ እሱ ነው «ተይው» ያላት።

ዲኑ ዘንድ ገብቶ ሁሉንም ተናገረ።

«ጨርቁ ተሰቅሏል እኮ» አሉ ዲኑ።

«ትሉ ግን የለም፣ ዶክተር።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዲኑ ግን ሞኝ አልነበሩም። ትንሽ አሰቡና «የለም ነው ያልከው?» አሉ።

«የለም።»

«ባለፈው ሳምንት አለ ብለኸኛል። ዛሬ የለም ትላለህ። የነበረ ነገር ሲጠፋ ጠፋ ነው የሚባለው። ማን አጠፋው? ኮሌጁ። ስብሰባውን አልሰርዝም፤ ርእሱን ብቻ እቀይራለሁ።»

ጠብታ ከመከራከር ይልቅ «ጥያቄ»ን ጠርቶ የተለመደውን የትል መድኃኒት አሸክሞ ወደ አዛውንቱ ቤት ሄደ። በጎቹን አንድ በአንድ አጋቱ። አንዱ ረግጦት ሱሪውን ቀደደው፤ ጠብታ ወደ ቀጣዩ በግ አለፈ።

«ባለጆሮው ይሞታል ማለት ነው?» አሉ አዛውንቱ።

«አባባ፣ ባለጆሮ የሚባል አልነበረም። ተራ ትል ነው። ቀድሜ ማከም ነበረብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አዛውንቱ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል። ራሳቸውን ነቀነቁና መረቁት።

በስብሰባው ቀን ጨርቁ ላይ «እንከላከል» የምትለው ቃል ተቀድዳ «አጠፋን» የምትል ተሰፍታበታለች። የሰፋችው የጠብታ ሚስት ናት፤ ሥራ ሥራ ነው። ዲኑ ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያ አዛውንቱ ሳይጠሩ ተነሱና «ከስተው የነበሩ በጎቼ ይኸው ሥጋ ይዘዋል፤ ያ ባለጆሮ ከነዘሩ ጠፍቷል፤ ለመምህሩ ጤና ይስጥልኝ» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ጠብታ የምስጋና ወረቀቱን ሲቀበል «ጥያቄ» ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ታየዋለች። እሷ ብቻ አላጨበጨበችም። እሱም ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ዲኑ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በዕድገት ተዛወሩ። «ጥያቄ» ስትመረቅ የላቦራቶሪ ረዳት ሆና እዚያው ተቀጠረች። ጠብታ ራሱ ነው ደጋግሞ የጠቆማት። እሷም በገባች ማግስት ከየት እንዳመጣችው ሳይታወቅ ባልዲውን በድስት ክዳን ከደነችው። የምስጋናውን ወረቀት ሚስቱ ወስዳ ስፌት ቤቷ ውስጥ ግድግዳው የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ ሰቀለችው።

«ባልሽ ምን ሠርቶ ነው?» ይሏታል ልብስ ሊለኩ የሚመጡ።

«ያልነበረ ትል አጥፍቶ» ትላለች። «ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ወገብሽን ልለካ።»