ከየጎረቤቱ የመጣ ጓሮ

አባቴ ጓሯችንን ለባጃጅ ማሳደሪያ ሊለቀው መሆኑን የሰማሁት ትምህርት በተዘጋ በማግስቱ ነው። የሰማሁትም ከእሱ አፍ አይደለም። ከደጅ ስገባ ሦስት ሾፌሮች ጓሮ ቆመው አጥሩ በየት በኩል ቢከፈት እንደሚሻል በእርምጃ ሲለኩ አገኘኋቸው። አንደኛው «እዚህ ጋ እንኳ አራት ታስገባለች» አለ። አራት ታስገባለች ያላት ቦታ እኔ በሐሳቤ ጎመን የተከልኩባት ነበረች።

በሐሳቤ ነው ያልኩት። በእውነት ጓሮው ባዶ ነው፤ ያለፈው ዓመት የበቆሎ አገዳ፣ እግሩ የወለቀ ወንበር፣ አንድ ደርቆ የቆመ ዘይቱን፣ በቃ። ቢሆንም ከቤታችን ለኔ የሚበቃ ስፋት ያለው እሱ ብቻ ነው። እኔ ስቀመጥ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል፣ ስቆም ደግሞ መሄድ ያምረኛል። ክረምቱ ቤት ዘግቶብኝ፣ ጓሮው በባጃጅ ተሞልቶ ታየኝና ያን ቀን ምሳ አልበላ አለኝ።

ራት ላይ «አብዬ፣ ጓሮውን ለኔ ስጠኝ» አልኩት።

«ምን ልታደርጊው?»

«አትክልት ልተክልበት።»

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ ሳቋን በጉርሻ ደፈነችው።

«አንቺ? ሁለት ሰሃን አጥበሽ ሦስተኛውን ሳትጨርሺ መንገድ የምትወጪው ልጅ? አትክልት እኮ ባለበት ነው የሚቆመው።»

«እኔም እቆማለሁ።»

«እሺ። ሐምሌ እስኪያልቅ ድረስ ጊዜ አለሽ። አረንጓዴ ካየሁበት ጓሮው ያንቺ። ካላየሁበት በነሐሴ መባቻ ባጃጆቹ ይገባሉ። ወላሂ።»

አባቴ ወላሂ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ደስ አለኝ። ግን አንድ ፍሬ ዘር የለኝም፤ ስለ ተክል የማውቀውም የባዮሎጂ ደብተሬ ላይ የሣልኩትን ቅጠል ብቻ ነው።

ስለዚህ ጎረቤት መዞር ጀመርኩ። የሰፈሩን ሳሎን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ለዒድም ለገናም ለለቅሶም ገብቻለሁ። ጓሮ ግን ሌላ ነው። ጓሮ እንደ ሆድ ነው፣ ሰው ዝም ብሎ አያሳይም። «ጓሯችሁን ልየው?» ስል ሁሉም መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ቀጥሎ «ቆይ ልጥረገው» ይላል፣ አንዴ ካስገባኝ በኋላ ደግሞ አይለቀኝም።

መጀመሪያ የገባሁት በቀኝ በኩል ከሚጎራበቱን አሮጊት ዘንድ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። ጤና አዳም የፈለገ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። ጓሯቸው ድንጋይ ብቻ ስለሆነ አንድም ነገር መሬት ላይ አልተከሉም። ወገቡ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን በእንጨት ደረጃ ላይ ደርድረው፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ነገር አብቅለዋል፤ ናና፣ በሶብላ፣ ቃሪያ፣ ከሁሉም በላይ ጤና አዳሙ።

«ለምን ደረጃ ላይ አደረጉት?» አልኳቸው።

«ለዶሮዎቹ ነዋ።»

«ዶሮ ደረጃ አይወጣም እንዴ?»

«ይወጣል። ግን ላይ ሲደርስ ስለሚደክመው ብዙ አይበላም።»

በኋላ ከጤና አዳሙ ሥር ያለውን ችግኝ ነቅለው በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ። ተቀብዬ ወደ በሩ ስገሰግስ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀምረው ኖሯል።

«አሚን ሳትዪ የት ነው?»

ተመለስኩ። እጄን ዘረጋሁ። «ሥር ይስደድልሽ። ከክፉ ዓይን ይሰውርልሽ። ተርፎሽ ለሰው የምትሰጪ ያድርግሽ።» አሚን አልኩ። ግራ እግሬ ግን በሩን ተሻግሮ ነበር።

ሁለተኛው የየኔታ ጓሮ ነው። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፊደልና ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው አሁን ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ጓሯቸው በመስመር ነው፤ ጌሾው በአንድ ረድፍ፣ ኮሰረቱ በአንድ ረድፍ፣ ፓፓያው ከኋላ። ዝም ብሎ ማየት የለም። በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ስሙን ይነግሩኛል፣ እኔ እደግማለሁ፣ ከተሳሳትኩ ወደ አጥሩ በር ተመልሰን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።

«ይሄ?»

«አሪቲ።»

«ይሄስ?»

«ኮሰረት።»

«ያኛውስ?»

«እ… ጌሾ?»

«በሩ ጋ ተመለሺ።»

ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ዝናብ ያዘን፤ የኔታ ግን ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ቀጠሉ። ሁለት የፓፓያ ችግኝ ሰጡኝ። «ወንዱ ከሴቷ ሳያብብ አይለይም። አንድ ብቻ ወስደሽ ወንድ ቢሆን ዓመት ሙሉ ስትጠብቂው ትኖሪያለሽ» አሉኝ። ዓመት? እኔ ያለችኝ አንድ ወር አይደለች?

በግራ በኩል የሚጎራበተን ዓሣ አጥማጅ ነው። የእሱ ጎመን ቅጠሉ ሕፃን ይጠቀልላል። እንዲህ ያለ ጎመን በአንድ ወር ካለኝ አባቴ ምን ይላል ብዬ በአጥሩ ላይ ተንጠለጠልኩ።

«አያ፣ ጎመንህን ምን ታበላዋለህ?»

«እኔ የማልበላውን።» ሥጋው የወጣለት ቆሮሶ ዓሣ የሞላበት ባልዲ አሳየኝ፤ ጭንቅላትና አጥንት ብቻ። «ይሄን ከታች ትቀብሪዋለሽ፣ ከላዩ አፈር፣ ከዚያ ችግኙን።»

ባልዲውንም አንድ እቅፍ የጎመን ችግኝም ሰጠኝ። ይዤ ስሮጥ ከኋላዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሌላ ነገር አለ። ምን እንዳለ አልሰማሁም። «እሺ» አልኩት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አሥራ አንድ ጓሮ አየሁ። አንዱ ቤት ዱባው ሽንት ቤቱን ሸፍኖት የሽንት ቤቱ በር ጠፍቷል፤ ባለቤቷ አንድ ችግኝ ሰጠችኝ። አንዱ ቤት ጽጌረዳ በባጃጅ ጎማ ውስጥ ተተክሏል፣ አይቼ ተናደድኩ፣ ቆይቼ ግን ሐሳቡንም አንድ ቅርንጫፍም ወሰድኩ። ያየሁትን ማታ ማታ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ የተክል ስም ብቻ ነበር የምጽፈው፣ በኋላ ሰዎቹ ያሉትንም መጻፍ ጀመርኩ፤ እሱ ይበልጥ ጣፈጠኝ። ቀን ቀን እተክላለሁ። በየችግኙ ሥር ከዓሣ አጥማጁ ባልዲ አንድ አንድ ጭንቅላት እቀብራለሁ። ሐምሌ ሲጋመስ ጓሮው ወዝ አወጣ። አባቴ አንድ ቀን በመስኮት ሲያየው አየሁትና እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሐምሌ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጠዋት እናቴ ጠራችኝ። ደረጃው ላይ የዓሣ ጭንቅላት አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

«ይሄ የት ሊሄድ ነው?» አለችኝ።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። የሰፈሩ ውሾች አንድም ጉድጓድ አልማሩም። ጎመኑ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጎ ተኝቷል። ጤና አዳሙ ጭቃ ውስጥ ተረግጧል። ከፓፓያዎቹ አንዱ ለሁለት ተቆርጧል፣ ሌላው ጎብጧል። ከጎማው ውስጥ ያለችው ጽጌረዳ ብቻ ቆማለች።

ዓሣ አጥማጁ በአጥሩ ላይ አየና «ምን ያህል ቆፈርሽ?» አለኝ።

ስንዝሬን አሳየሁት።

«ክንድ ነው ያልኩሽ። ክንድ ሙሉ፣ ከላዩም ድንጋይ። ጮኼ ነው የነገርኩሽ። እሺም ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ ምኑን ነው እሺ ያልሽው?»

መልሴንም አልጠበቀም፤ አጥሩን ተሻግሮ ዶማውን ይዞ መጣና ጭንቅላቶቹን እየለቀመ በጥልቅ መቅበር ጀመረ። እኔ የፈራሁት ሌሎቹን ነበር። የሰጡኝን አምነው ነው የሰጡኝ። ለማንም ሳልናገር የቻልኩትን መልሼ ተከልኩ። ግን ሰፈራችን ነገር አይደበቅበትም፤ ከቀትር በፊት እትዬ መጡ። እኔን አላናገሩኝም። ጤና አዳሙ አጠገብ ቁጢጥ ብለው «ምን አደረጉብኝ አንተን?» አሉት። ከዚያ ሁለት ጀሪካን ከቤታቸው አስመጡና ራሳቸው አስገቡት። የኔታም ምርኩዛቸውን ይዘው ጭቃውን እየተሻገሩ ደረሱ። የጎበጠውን ፓፓያ በቀጭን እንጨት ደግፈው ከነጠላቸው ጫፍ በቀደዱት ጨርቅ አሰሩት።

«የኔታ፣ ነጠላዎን?»

«አሮጌ ነው። እሷ ግን ገና ናት።»

ሴት መሆኗን ከየት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው አልተቋረጠም። እትዬ ጠዋት «ጤና አዳሜ እንዴት አደረ?» እያሉ ይገባሉ። የዱባዋ ባለቤት የዱባዋን ግንድ አፈር ታለብሳለች። እትዬና የኔታ ጀሪካኑ ጥላ ይሁን ፀሐይ ላይ ይሁን በሚል ይከራከራሉ። «ስለ ጤና አዳም እንኳን ለኔ ይተዉልኝ፣ የኔታ» ይላሉ እትዬ። የኔታ ጀሪካኑን በምርኩዛቸው አንድ ስንዝር ይገፉታል፤ እሳቸው ሲሄዱ እትዬ ይመልሱታል። እኔ ከዚህ ወደዚያ እሮጣለሁ። ተክሉ ግን አልፈጠነም። ቅጠል ስቆጥር አድራለሁ፣ ስነቃ ያው ነው።

የሐምሌ የመጨረሻ ቀን አባቴ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት ሲመለስ ቀጥታ ወደ ጓሮ መጣ። ሾፌሮቹም ቀኑን አልረሱትም፤ ሦስቱም አጥሩ ጋ ቆመዋል። እኔም በአባቴ ዓይን አየሁት፤ ጭቃ፣ ድጋፍ እንጨት፣ ጨርቅ፣ የደረቀ ጎመን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«የእትዬ ጤና አዳም።»

«ይሄስ?»

«የየኔታ ፓፓያ።»

«ይሄ ጨርቅ?»

«የየኔታ ነጠላ።»

አባቴ የነጠላውን ቋጠሮ በጣቱ ነካ። እኔ መዘርዘሬን ቀጠልኩ፣ ማቆም አልቻልኩም፤ ጎመኑ የማን፣ ዱባው የማን፣ ጽጌረዳው የማን። አንደኛው ሾፌር እስክጨርስ ሳይጠብቅ «እኛ ነቅለን እናጸዳዋለን፣ ጋሼ። የአንድ ሰዓት ሥራ ናት» አለ።

«ንቀል» አለው አባቴ። «ግን ነገ ጠዋት እትዬ ጤና አዳሜ እንዴት አደረ ብለው ሲመጡ በሩ ላይ ቆመህ የምትነግራቸው አንተ ነህ። የኔታንም አንተ ነህ የምታስረዳው።»

ልጁ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ አዞረ። «እኔን የኔታ ፊደል አስቆጥረውኛል» አለ ቀስ ብሎ።

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። «ወላሂ ብያለሁ። አረንጓዴ አለ ወይስ የለም?»

እናቴ ጎንበስ ብላ የጎበጠውን ፓፓያ አየች። «ሦስት ቅጠል ነው ያላት» አለች። «ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው።»

«እንግዲያው አለ።» አባቴ ለሾፌሮቹ ከቤቱ ፊት ለፊት ለሁለት ባጃጅ የሚሆን ቦታ አሳያቸው። እኔ ልዘልል ስል ጣቱን አነሳብኝ። «አንቺ ደስ አይበልሽ። ያንቺ አልሆነም። የሰፈሩ ነው። አንቺ መኮትኮት ነው ሥራሽ።»

በማግስቱ ማንም ሳይቀድመኝ ልኮተኩት ብዬ በጠዋት ወጣሁ። እትዬና ዓሣ አጥማጁ ከኔ ቀድመው ጓሮው መሃል ቆመው የዝናቡ ውሃ መውረጃ ቦይ በየት በኩል ቢቆፈር እንደሚሻል ይጨቃጨቃሉ። እሱ በግራ ይላል፣ እሳቸው በቀኝ። ዶማዬን ይዤ ስጠጋ ሁለቱም ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«ቆይ አንቺ» አሉኝ እትዬ፣ «መጀመሪያ እኛ እንስማማ።»