"ምንጭ ይጠቀስ" ያልኳቸው ጎረቤቴ

ኢንተርኔት ላይ ላለ የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ጽሑፍ እገመግማለሁ። የሚከፍለኝ የለም፤ የሾመኝም የለም። ግጥሞቼን የሚያነብልኝ ሳጣ የሌሎችን ጽሑፍ ማረም ጀመርኩ። ቀይ ምልክት ማድረግ ደስ ይላል።

አንድ ጠዋት ስለ አንድ የመልክዓ ምድር አርክቴክት የተጻፈ አዲስ ገጽ አገኘሁ። ከሮማናት አደባባይ ብዙ የማይርቀውን መናፈሻ የነደፉት እሳቸው ናቸው ይላል። ጠመዝማዛውን የእግር መንገድ ከማስነጠፋቸው በፊት ባዶው ሜዳ ላይ አመድ በትነው፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያቋርጥ ዱካውን ለአንድ ሳምንት ተከታትለዋል ይላል። ነገሩን ወደድኩት። ግን አንድም የታተመ ማስረጃ አልነበረውም። በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ "ምንጭ ይጠቀስ" ብዬ ለጠፍኩ፤ ከላይ ደግሞ በሰባት ቀን ካልቀረበ ገጹ እንደሚሰረዝ ጻፍኩ።

በማግስቱ በራችን ተንኳኳ። ከኛ ሦስት ቤት አልፈው የሚኖሩት ሽማግሌ ናቸው፤ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈራችን ሰው ሁሉ በስማቸው ሳይሆን "አትክልተኛው" ብሎ የሚጠራቸው። የቅርንጫፍ መቁረጫ መቀሳቸውን ይዘዋል።

"አንታ ወደይ! አንተ ልጅ፣ ምንጭ ይጠቀስ ያልከው አንተ ነህ?"

የብዕር ስሜን የማያውቅ ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። መካድ አልቻልኩም።

"አርክቴክቱ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"ሌላ ማን ይሁን? ልጄ ናት የጻፈችው። በል ጠይቀኝ፣ ይኸው መጣሁልህ።"

"አቦይ፣ እርስዎ ምንጭ አይሆኑም።"

"ዋእ! ስለ እኔ?"

"በተለይ ስለ እርስዎ።"

ክንዴን ይዘው ወደ መናፈሻው ወሰዱኝ። ንድፉ የነበረበት ቢሮ ሰነዶቹ በጦርነቱ ጊዜ እንደጠፉ በመንገድ ላይ ነገሩኝ። መናፈሻው ጋ ስንደርስ አንዱን ወይራ በመቀሳቸው እየጠቆሙ "እሱን ጠይቀው" አሉ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠ ሞባይል ካርድ ሻጭ ሰምቶን ኖሮ፣ "ይሄን የሠራው እኮ ፈረንጅ ነው" አለ። "የኛ ሰው ቢሆን መንገዱን ቀጥ ያደርገው ነበር።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ከመንገዱ ዳር አንድ አረም ነቀሉ። ከገጹ የሚፈልጉት ይህች አንዲት ነገር መሆኗ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ መናፈሻውን እሳቸው እንደሠሩት የሆነ ቦታ ተጽፎ እንዲቀር።

"እንደ እኔ ያለ ሰው ወረቀት ላይ የሚታተመው መቼ ነው?" አሉኝ።

"ሲቀበር" አልኩ ሳላስብ።

እውነት ነው። ሰው ሲሞት የሕይወት ታሪኩ ከነፎቶው ታትሞ ይታደላል፤ ይነበባልም። የሰፈሩን ደግሞ የምጽፈው እኔ ነኝ። አባቴ ከወሎ መጥቶ ልብስ የሚነግድ ሙስሊም ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የሚነበበው ግን የኔ ጽሑፍ ነው፤ መጨረሻው ላይ አራት ስንኝ ስለምጨምርበት።

"በል የኔን ጻፍልኝ" አሉ።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት የአባቴ አገር ሰው ነው። ጽሑፉን ተቀብሎ "መቼ አረፉ?" አለ።

"አላረፉም። ይኸው ቆመዋል።"

ከመነጽሩ በላይ አያቸው። "አባባ፣ ምነው ቸኮሉ?"

ቀኑን ባዶ እንዲተወው ነገርኩት፤ እሺ አለ። በግራና በቀኝ ያሉትን ሻማዎችና "ለአጭር ጊዜ ታመው" የሚለውን ግን አላወጣም አለ፤ ፎርሙ እንደዚያ ነው። ሽማግሌው ወረቀቱን ከብርሃን አስጠግተው አነበቡ።

"በሽታዬ ምን ነበር?"

"አይልም። አጭር ነበር ነው የሚለው።"

"አጭር ከሆነ ይሁን።"

ወረቀቱን ማተሚያ ቤት ያየ ሰው ቀድሞን ሄዷል። ሰፈር ስንደርስ የዕድሩ ሰዎች ከሽማግሌው ደጅ ድንኳን እየተከሉ ነበር። ሙሾ የያዘች ሴትዮ ሽማግሌውን ስታይ ስንኟን ሳትጨርስ ቀረች። እሳቸው ሰውን አላዩም፤ ያዩት ችካሉን ነው።

"ከሥሩ አርቁት! ወይራ እኮ ነው!"

የዕድሩ ሊቀመንበር መዶሻውን እንደያዘ "ሞተውም ማዘዝ አልተዉም?" አለ። ግን ችካሉን ነቀለ።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ገጹ ላይ ጫንኩት። በስድስተኛው ቀን የትኛው ከተማ እንዳለ የማላውቀው ሌላ ገምጋሚ "ምንጩ አስተማማኝ ነው" ብሎ ምልክቶቼን ሁሉ አነሳ። ጠንቃቃ ሰው ነው። ምንጩን ተከትሎ "ናቸው" የሚለውን ሁሉ "ነበሩ" አደረገው።

እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳቸው። አጥር እየከረከሙ ነበር።

"አሁኑኑ አስተካክለዋለሁ" አልኩ። "ችግሩ፣ አለመሞትዎን የሚያስረዳ የታተመ ነገር ይጠይቁኛል። ወረቀቱ ውሸት ነው ካልኩ ደግሞ መናፈሻውም አብሮ ይሰረዛል።"

"መናፈሻውን ማን ሠራው ይላል?"

"እርስዎ።"

"አመዱስ?"

"አለ።"

ሁለት ቅርንጫፍ ቆረጡ። ሦስተኛዋን አገላብጠው አይተው ተዋት።

"እንግዲያው እንዳረፍኩ ተወኝ።"

ቤቴ ገብቼ ገጹን እንደገና ከፈትኩ። "ያረፉበት ቀን" ከሚለው ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አለ። "ምንጭ ይጠቀስ" ብዬ ለጠፍኩበት። እስካሁን ማንም አላቀረበም።