የቆጣሪው ዘበኛ

ለልጆቼ ጄኔሬተር የገዛሁት መብራት ስለሚጠፋ ነው ብያቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ በእኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል። ግን መብራት ስለጠፋ ብቻ ጄኔሬተር የሚገዛ ጡረተኛ ቀጨኔ ውስጥ አላውቅም። እኔ የገዛሁት ለጎረቤቴ ነው። እንዲያበራላት አይደለም፤ የእኔ ሲበራ ቁጭ ብላ እንድታየው ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ድሮ እኔና እሷ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ነበርን። ቆጣሪው በእሷ ስም ነው፤ የተሰቀለውም በእሷ በረንዳ ላይ። ስለዚህ ማን እንደሚያበራና ማን እንደሚያጠፋ የምትወስነው እሷ ነበረች። የመድኃኔዓለም ማኅበር ጽዋ መጀመሪያ ለእኔ የደረሰ ዕለት፣ ገና ዳቦው ሳይቆረስ ቤቴ ድርግም አለ።

"ፊውዝ ነው" አለች።

ፊውዝ ከሆነ የእሷ መስኮት በምን በራ? ወጥቼ ይህንኑ ብጠይቃት፣ "ማኅበርተኛ በጨለማም ይጠጣል" አለችኝ። የዚያን ዕለት አንዲት የተከበሩ እንግዳዬ ንፍሮው ሳህን ላይ ተቀመጡ።

ማኅበር ደንብ አለው፤ የተኳረፈ ሰው ከአንድ ጽዋ አይጠጣም። ስለዚህ የንስሐ አባታችን አስታረቁን፤ ጉንጭ ለጉንጭ ተሳሳምን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ አብረን እንጠጣለን፤ እኔም በየወሩ ያችን የበራች መስኮት አስታውሳለሁ። አሁን የየራሳችን ቆጣሪ አለን፤ በመካከላችንም የቆርቆሮ አጥር ቆሟል። ይቅር በይ ተብያለሁ፣ ብያለሁ። እርሺ ያለኝ ግን የለም።

ዘንድሮ ክረምት ላይ ጽዋው እንደገና ለእኔ ደረሰ። ጄኔሬተሩን ገዛሁና ባለሱቁ ከዊንጌት በኩል አንድ ኤሌክትሪሻን አመጣልኝ። ሥራውን ያውቃል፤ ወሬው ግን ከእጁ ይፈጥናል። ያልወለድኩት ሰውዬ "ማዘር" እያለ ሲጠራኝ ዋለ።

"ማዘር፣ ከጓዳ ኋላ ይሁን። ጭሱም ጩኸቱም ይርቅልዎታል።"

"ከሳሎኑ መስኮት ሥር ይሁን።"

"ጭስ ይገባል እኮ።"

"እዘጋዋለሁ።"

ከጓዳ ኋላ የተቀመጠ ጄኔሬተር ማን ያየዋል? ተክሎልኝ ሄደ። እሱ ከሄደ ጀምሮ ግን መብራቱ ጨዋ ሆነ፤ ብልጭ ድርግም እንኳ የለም። ሰው መብራት እንዳይጠፋበት ይለማመናል፤ እኔ እንዲጠፋልኝ ስለት ለመሳል ምንም አልቀረኝም። የማኅበሩ ቀን ሲደርስም እንደበራ ነበር። ሰውዬውን መልሼ ጠራሁት።

"ከቆጣሪው ዋናውን ታጠፋና ጄኔሬተሩን ታስነሳለህ።"

"መብራት እያለ?"

"እያለ።"

"ማዘር፣ እኔ እስከ ዛሬ የተጠራሁት ለማብራት ነው።"

"ዛሬ ለማጥፋት ተጠርተሃል። ከጸሎቱ በኋላ እስላለሁ፤ ሳል ስትሰማ ታጠፋለህ።"

በክረምት፣ ግማሹ ማኅበርተኛ ጉንፋን ይዞት በመጣበት ቤት፣ ሳልን ምልክት ያደረግኩ ብልህ ሴት እኔ ነኝ።

ከሰዓት በኋላ ቢሆንም ሰማዩ ጠቁሮ ቤቱ ያለ አምፖል አያሳይም ነበር። ጎረቤቴ እንደ ልማዷ ደህናውን ቦታ፣ የመስኮቱን ጥግ ያዘች። አባታችን ተነሥተው ጸሎቱን እንደ ጀመሩ አንዲት አሮጊት ሳሉ። ድርግም!

"አይዟችሁ፣ ጄኔሬተር አለኝ!" አልኩ፤ የደነገጠ ሰው ግን አልነበረም።

ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ አምፖሉ በራ። ጎረቤቴ ቀና ብላ አየችው። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ፊት ይኸው ነበር፤ ጠግቤ ሳላየው ቤቱ በጩኸት ተሞላ። የአባታችን ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። እዘጋዋለሁ ያልኩት መስኮት በዝናብ አብጦ አልዘጋ አለኝ፤ ጭሱ ዘው ብሎ ገባ። አሁን ሁሉም ይስላል። ይህን ሁሉ ሳል የሰማው ኤሌክትሪሻን አንገቱን በመስኮቱ አስገብቶ፣

"ማዘር፣ አጥፍቻለሁ እኮ! ሰምቻለሁ!" ብሎ ጮኸ።

የጄኔሬተሩ ጩኸት ድምፁን የዋጠው መሰለኝ።

"ልጄ" አሉ አባታችን በጆሮዬ፣ "ይህን ነገር ዝም አሰኚልን። እንዲህ ከሆነ ለላይኛውም አንሰማም።"

አስጠፋሁት። ጨለማ ሆነ። ጎረቤቴ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ጠረገችና ወደ ውጭ አየች።

"የኔ ቤት መብራት አለ። ሰፈሩም አለው። ያንቺ ምን ሆኖ ነው?"

"ፊውዝ ነው" አልኩ።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እሷም ሰማችው መሰለኝ።

"ፊውዝ ከሆነ ምን ይደረጋል" ብላ ተነሥታ ወጣች።

ቶሎ አብራው ልለው ከኋላዋ ሮጥኩ። ቆጣሪዬ ያለው የውጭ በሩ ጋ ነው፤ እሷ ቀድማኝ ደርሳለች። ሰውዬው ቆጣሪውን በጀርባው ከልሎ፣ ሌባ የሚጠብቅ ይመስል ተገትሯል።

"ደህና ዋሉ ማዘር" አላት። እሷንም።

ከላይ እስከ ታች አየችውና አለፈች። ከዚያ በኋላ በምን አፌ አብራው ልበለው? እሷ ባየችው ቅጽበት መብራቱ ቢመጣ ማን ያጠፋው እንደነበር ሊታወቅ ነው። ባለህበት ቁም አልኩት። ያካፋ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ በቆርቆሮው አጥር ላይ ከእሷ በኩል ረጅም የመብራት ገመድ ተወረወረ፣ ጫፉ ላይ አምፖል። እኔው ራሴ ተቀብዬ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው ዞረ። ማኅበርተኛው በሙሉ፣ በእኔ ቤት፣ የእኔን ዳቦ እየበላ፣ "መብራትሽ አይጥፋ" ብሎ እሷን መረቀ። እኔም አሜን አልኩ። የሚቀጥለውን ወር ጽዋ የተረከበችውም እሷ ናት።

ሁሉም ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለች።

"ገመዱ ይቆይ፣ ስትመጪ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። ያን የቆጣሪ ዘበኛሽን ግን አስገቢው። ሰምቻለሁ እያለ ሲጮህልሽ ነበር፤ ዝናብ ገደለው።"

አስገባሁት። ነጠላ ጫማው ውኃ ያንጠባጥባል።

"ማዘር፣ አሁን ላብራው?"

"ተወው፣ ብላ" አልኩት። በእሷ መብራት ደህና አድርጎ በላ።

ማኅበሩ ሊደርስ ነው፤ ገመዱን ጠቅልዬ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ፣ ይዤላት እሄዳለሁ። አምፖሉን ግን ፈትቼ አስቀርቻለሁ። ያኔ ያጠፋችብኝም አንድ አምፖል ነበር።