የሟቹ ካልሲ

ሌላው ባልና ሚስት በልጅ ይጣላል፣ በዘመድ ይጣላል። ሳዋኮና ኬንኪቺ ግን ዕድሜ ልካቸውን የተጣሉት በአንድ ፊልም ነው። ጉድ እኮ ነው! የወደቡ ሲኒማ ቤት በየመኸሩ የሚያሳየው አሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ ዓሣ አራጋፊው ኬንኪቺም በየመኸሩ ሚስቱን ይጎትታታል። እዚያ ውስጥ አንዲት ሴት የባሏን አስከሬን ሸኝታ ትመለስና ጀርባዋን ሰጥታን የሟቹን ቀዳዳ ካልሲ ትሰፋለች። አታለቅስም። ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«ማን ሊያደርገው ነው?» ትላለች ሳዋኮ። «ባሏ የሞተባት ሴት እሪ ትላለች እንጂ! ይሄን ወንድ ነው የጻፈው።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የፊልሙ ወርቅ ካልሲው ነው።»

የሚስማሙት በማብቂያው ሙዚቃ ብቻ ነበር። ቫዮሊኑ ሲንጫጫ ሁለቱም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።

ዘንድሮ ኬንኪቺ የለም። አስከሬኑ ከተቃጠለ ወር አልሞላውም፤ ሳዋኮ ግን እስካሁን አላለቀሰችም። ፊልሙን ያየችው ከታላቅ እህቱ ከማሱኤ ጋር ነው። ካልሲው መጣ፣ ሄደ፤ ምንም አልተሰማትም። ትናንት የባሏን የሥራ ጓንት አጥባ አስጥታ ነበር። ለምን እንዳጠበችው አታውቅም።

ከዚያ ወደቡ ዳር ካለች ምግብ ቤት ገቡ። ማሱኤ ምግቡን አልነካችም።

«አንዲት ጠብታ እንባ እንኳ! ድንጋይ ነሽ እንዴ? ወንድሜን አልወደውም ነበር በይኝና ይውጣልኝ።»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

እውነቷን ነው፤ አታውቅም። ምናልባት አልወደድኩት ይሆን ብላ ፈራች፤ ፍርሃቱም የሌላ ሰው መሰላት።

«ኧረ ትንሽ ይቅመሱ» አለች ሳዋኮ፤ በመብያ እንጨቶቿም የተዘፈዘፈ ፍጅል አንስታ ዘረጋችላት። ማሱኤ ሳህን ላይ ማስቀመጥ ነበረባት። ማሱኤም በንዴቷ መሀል ሳታስበው በራሷ እንጨቶች ተቀበለቻት።

ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ፊቷን አዞረች። ከእንጨት ወደ እንጨት የሚቀባበሉት የሟች አጥንት ብቻ ነው፤ ከአመድ እየለቀሙ ወደ ማሰሮው ሲያስገቡት። በገበታ ላይ ሕፃን እንኳ ቢያደርገው እጁን ይመታል። እነሱ ግን ኬንኪቺን የተቀባበሉት ልክ እንደዚህ ነበር፣ ፊት ለፊት ቆመው።

«አጥንቱ ከዚህ ይቀል ነበር» አለች ሳዋኮ ፍጅሉን እያየች። «ያ ሁሉ ቁመት! እጄ እስካሁን አላስቀመጠውም፣ እትዬ።»

ማሱኤ ፍጅሉን ቀስ ብላ ሳህኑ ላይ አኖረችው።

«ስለ ካልሲው እሱ ነበር ልክ» አለች ሳዋኮ። «ይሄን ቢሰማ ዓመት ሙሉ ይኩራራብኝ ነበር።»

ማሱኤ ሳቅ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ ቀደመ። ሳዋኮ መሀረቧን አቀበለቻት፤ ሻይም ቀዳችላት።