በግራ በኩል ሁለት ጣውላ

አራት ጣት ይሉታል። ቅጽል ስሙን የሰማ አዲስ ሠራተኛ መጀመሪያ የሚያየው እጁን ነው፤ አንዷ ጣት የት እንደቀረች ለማወቅ። እጆቹ ላይ ግን አምስት አምስት ጣት አለ፣ ያውም ወፋፍራም። ስሙ የመጣው ከሌላ ነው። መኪና ሊጭን ሲል ከአፍንጫዋ ሥር እጁን አግድም ያስገባና ከመሬት ያላትን ከፍታ በጣት ይለካል። «አራት ጣት ካለ ዝም ብለህ ንዳ። ሦስት ጣት ከሆነ ጣውላ አንጥፍ። ሁለት ጣት ከሆነ ጣውላ አንጥፍና ጸልይ» ይላል። ሜትር በኪሱ አለ፤ ሲጠቀምበት ያየው ግን የለም።

ሥራው መኪና መጫን ነው። ሰው መኪና ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ያጋጫል፣ ከከተማ ከተማ ይልካል፤ የሚላከውን ጠፍጣፋው የጭነት መኪና ላይ የሚያወጣው እሱ ነው። ግቢው ሰፊ ነው፤ መሬቱ ኮንክሪት፣ አጥሩ ቆርቆሮ፣ ጥግ ላይ የዕቃ መጋዘን፣ ከመጋዘኑ አጠገብ የበሩ እጀታ ከግራሶ ጸድቶ የማያውቅ ቢሮ። እዚህ ግቢ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። በሃያ ሰባት ዓመት አንድ መኪና አልጫረም። ይህን እሱ ራሱ ደጋግሞ ስለሚያወራው ሌላ ምስክር አያስፈልግም። ሲያወራም «ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ይምል ነበር። ባለፈው ክረምት ይህን መሐላ ተወ። ለምን እንደተወ የጠየቀው የለም፤ ሰው መሐላ ሲያበዛ እንጂ ሲተው ማን ልብ ይላል።

የተወው ግራ ዓይኑ ስለጠፋ ነው። በአንድ ቀን አልጠፋም። ከዳር ዳር እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ አንድ ጠዋት ቀኙን በእጁ ሲሸፍን ምንም አላየም። በዕረፍት ቀኑ ብቻውን ዓይን ሐኪም ቤት ሄደ።

«የዓይን ግፊት ነው» አለችው ሐኪሟ። «የግራው የሄደው ሄዷል፣ አይመለስም። ቀኙን በጠብታ እንጠብቀዋለን። ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ዘበኛ ነኝ» አላት።

ውሸቱ ከአፉ ሲወጣ እሱንም አስደነገጠው። በዚያ ግቢ መጫን ያቃተው ሰው በር ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ከዚህ በላይ የሚፈራው ነገር አልነበረም። ጠብታውን ቱታው ኪስ ውስጥ ደብቆ የሆዱን በሆዱ ይዞ ሥራውን ቀጠለ። ቤት ውስጥ ሻይ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ሲቀዳ ሚስቱ አይታ «እጅህ ነው ዓይንህ?» ብትለው «ጠረጴዛው ነው፣ ተንጋዷል» አላት። ሴትዮዋ ጠረጴዛውን አየች፣ እሱን አየች፣ ከዚያ ጨርቅ አምጥታ ወለወለች።

መኪና የሚጫነው በሁለት ሰው ነው። አንዱ መሪ ይይዛል፣ ሌላው ፊት ለፊት ቆሞ «ወዲህ፣ ወዲያ» እያለ ያሳያል። ለአራት ጣት የሚያሳይለት የገዛ አማቹ ነው፣ የመጨረሻ ልጁን ያገባ። ምራቁን የዋጠ ሰው ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ሲጠይቁትም አያበዛም። አራት ጣት ስለ አማቹ ያለው ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ ዊንች ይወዳል። መኪናን በብረት ገመድ እየሳቡ ማውጣት ለአራት ጣት ውርደት ነው። «ዊንች ለሞተ መኪና ነው» ይላል። «ነፍስ ያላት በእግሯ ትወጣለች።»

ግቢው ደግሞ አንድ ደንብ አለው፤ ታርጋ ያሰረ ይጭናል። ድሮ አንዱ ሠራተኛ የፊት ታርጋ ዝቅ አድርጎ አስሮ ሄደ፤ የጫነው ሌላ ሰው ስለነበር አላወቀም፤ የጭነት መኪናው መወጣጫ ታርጋውን ይዞ ፓራውልቱን፣ የፊት መከላከያውን፣ ገነጠለው። ከዚያ ወዲህ ተንበርክኮ ታርጋውን ያሰረ ሰው ራሱ መሪ ይይዛል፤ የመኪናዋን አፍንጫ በቅርብ ያየው እሱ ነዋ። ደንቡ ጥሩ ነው። በደንቡ ምክንያት ታርጋ ሁልጊዜ ከመጫን በፊት ይታሰራል ማለት ነው፤ ይህ ብልሃት ይሁን ሞኝነት ግን ለዓመታት ማንም ቆሞ አላሰበበትም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የስፖርት መኪና መጣች። ብርቱካንማ ናት፣ ከመሬት የተጣበቀች፤ ቁመቷ የአራት ጣት ወገብ ላይ አይደርስም። የገዛት ሰው ሌላ ከተማ ነው ያለው፤ ደጄ ስትደርስ ታርጋዋ ታስሮ ይሁን ብሏል፣ ፓራውልቷ እንዳይበሳ ደግሞ አጥብቆ አስጠንቅቋል። አራት ጣት እጁን ከአፍንጫዋ ሥር ላከ። ሁለት ጣት።

«እንጸልያ» አለ።

ሳይበሱ ታርጋ የሚታሰርበት ዘዴ አለ። እንዲህ ያሉ መኪኖች አፍንጫቸው ላይ፣ በትንሽ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አላቸው፤ መኪናዋ ስትበላሽ የመጎተቻው ቀለበት እዚያ ውስጥ ነው የሚጠመዘዘው። በቀለበቱ ፈንታ ረጅም ብሎን ያለው መያዣ ከገባበት ታርጋውን ይሸከማል። የዚህችኛዋ ቀዳዳ በግራ በኩል ነው። ጥርሱም የተገላቢጦሽ ነው፤ ለማጥበቅ ወደ ግራ ይዞራል።

አራት ጣት ተንበረከከና ብሎኑን ወደ ቀዳዳው ላከ። ብሎኑ ከቀዳዳው ጎን ፕላስቲኩን ነካ። ደገመ፤ አሁንም አለፈው። አንድ ዓይን ሩቅና ቅርብ መለየት ይቸገራል፤ እሱ ግን ብሎኑን ረገመ። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል አማቹ ጎንበስ ብሎ «ታርጋውን ልያዝልዎት፣ እንዳይንጋደድ» አለና በአውራ ጣቱ የብሎኑን ጫፍ ወደ ቀዳዳው ገፋ አደረገው። ብሎኑ ገባ። አራት ጣት በኪያቤ እያጠበቀ ቀና ብሎ አላየውም።

«አባባ» አለ አማቹ፣ ታርጋው ከታሰረ በኋላ። «ፈትተነው ኋላ ብናስረውስ? ቀዳዳው ላይ ቀለበቱን አስገብተን በዊንች እንሳባት።»

«ሞታለች?»

«አልሞተችም።»

«እንግዲያው ጣውላ አምጣ።»

ጣውላው መወጣጫው ሥር የሚነጠፈው ዳገቱን ለማለዘብ ነው፤ አለዚያ ዝቅ ያለች መኪና ገና ጎማዋ ሳይወጣ አፍንጫዋ ብረቱን ይመታል። አማቹ መጋዘን ገብቶ ሁለት ረጃጅም ጣውላ አመጣ፣ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ አነጠፈ። ተመልሶ ገባ። ቆየ። ባዶ እጁን ወጣ።

«ሌሎቹን ጣውላዎች የወሰዱት ሠራተኞች እስኪመለሱ ትንሽ እንቆይ» አለ።

«ለግራ አንድ፣ ለቀኝ አንድ። ሌላ ምን ቀረህ? ሦስተኛ እግር አበቀለች?»

አማቹ ሄዶ መወጣጫው ላይ ፊት ለፊት ቆመ።

አራት ጣት መኪናዋ ውስጥ ገባ፤ ገባ ከማለት ወደቀ ማለት ይቀላል፣ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ሊሳሳም ምንም አልቀረው። ሞተሩን አስነሳ። ድሮ ቢሆን ራሱን በመስኮት አውጥቶ የግራውን ጎማ ቁልቁል እያየ ነበር የሚወጣው። አሁን ራሱን ቢያወጣም በዚያ በኩል የሚያየው የራሱን አፍንጫ ጎን ነው። አንገቱን እንደምንም ጠምዝዞ በቀኝ ዓይኑ ለማየት ሞከረ፤ ጣውላው ይታያል፣ ጎማው ግን ጣውላው መሐል ይሁን ዳር አይለይም።

«ቀጥ» አለ አማቹ። «ቀጥ... ትንሽ ወደ ቀኝ... ትንሽ...»

ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ ለቀቀ። መኪናዋ ጣውላው ላይ ወጣች፣ አፍንጫዋ ቀና አለ። አፍ ዳገት አይፈራም ይባላል፤ የአራት ጣት አፍ ባይፈራም ልቡ ግን ይመታ ነበር። ጣውላው ተንጣጣ።

«ቁም!»

አማቹ ጮኾ አያውቅም። አራት ጣት ፍሬኑን ረገጠ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳበ፣ በሩን ከፍቶ በአራት እግሩ ወጣ። የግራው የፊት ጎማ ግማሹ ከጣውላው ወጥቶ አየር ላይ ነበር። ጎማው ሲወርድ ታርጋው አብሮ ወርዶ የመወጣጫው ብረት ጋ ደርሷል። በመካከላቸው ጣቱን ሊያስገባ ሞከረ፤ ትንሿ ጣቱ እንኳ አልገባችም።

«ለወትሮው እንዲህ አይሆንም ነበር» አለ፣ እዚያው እንደተንበረከከ።

አማቹ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ።

«አይሆንም ነበር እኮ!»

«ለወትሮው በግራ በኩል ሁለት ጣውላ ስለማነጥፍ ነው» አለ አማቹ። «ጎን ለጎን። ዛሬ አጣሁ።»

«ለምን ሁለት?»

«አባባ፣ አውቃለሁ። ከክረምት ጀምሮ አውቃለሁ።»

ለአራት ጣት መጀመሪያ የመጣለት ንዴት ነው። «ማን ለመነህ?» ብሎ ተነሣ። «ማነው አንተን ደጋፊ ያደረገህ? እኔ ማየት አቃተኝ አልኩህ?» እንዲህ እያለ ሲጮኽ አማቹ የቆመበትን ቦታ አየ። ከመኪናዋ ፊት፣ መወጣጫው ላይ፣ ማምለጫ በሌለው በኩል። መኪና ስትንሸራተት ወይም ስትፈናጠር መጀመሪያ የምታገኘው እዚያ የቆመውን ነው። ይህ ሰው አማቱ የሚነዳው በአንድ ዓይን መሆኑን እያወቀ ስምንት ወር ሙሉ እዚያ ቆሟል፤ ማታ ማታ ደግሞ ወደ ሚስቱ፣ ወደ አራት ጣት ልጅ፣ ይገባል። አራት ጣት ያን ጊዜ ፈራ፤ በሩ ላይ መቀመጥን ከፈራው ይልቅ በብዙ ፈራ። አፈረም። እጁን በቱታው ጠረገ።

«ግባና መልሳት» አለ በመጨረሻ። «ታርጋውንም ፍታው።»

አማቹ መኪናዋን ወደ ኋላ መለሳት፣ መያዣውን ፈትቶ ቀለበቱን ጠመዘዘ፣ የዊንቹን ገመድ አጋጠመ። መኪናዋ ማርሿ ተለቅቆ፣ ፊት ለፊቷ ሰው ሳይቆም፣ ቀስ እያለች ወጣች። ሲጨርስ ጎማዎቿ ፊትና ኋላ ሽብልቅ አስገባ፤ ማሰሪያ ቀበቶዎቹንም በገላዋ ሳይሆን በአራቱ ጎማዎች ላይ አሳልፎ ወጠራቸው። አራት ጣት አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ያይ ነበር። አንዴ ብቻ «ያን የኋላውን ድገመው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ። አማቹ ደገመው። ከዚያ ታርጋውን እዚያው ላይ፣ እንደተጫነች አሰረው፤ ብሎኑ ባንዴ ገባ።

ወደ ቢሮ አብረው ገቡ። የግቢው ባለቤት የአራት ጣት እኩያ ነው፤ በአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና አብረው ነው ሥራ የጀመሩት። የጭነቱን ቅጽ ስቦ፣ «የጫነው» በሚለው ቦታ ላይ ሳይጠይቅ የአራት ጣትን ስም መጻፍ ጀምሮ ነበር።

«እሱን ጻፍ» አለ አራት ጣት፣ በአገጩ አማቹን እያሳየ። «ደግሞ ግራ ዓይኔ አያይም። ስምንት ወሩ ነው።»

ባለቤቱ ብዕሩን አስቀመጠ። ጓደኛውን የግራውንም የቀኙንም ዓይን አፈራርቆ አየ።

«ስምንት ወር?» አለ። «ስምንት ወር በአንድ ዓይን ስትጭን ከርመህ አንድ ጭረት የለም? አንተ ሰውዬ፣ ጉድ እኮ ነህ!»

ሙገሳ ነበር። አራት ጣት ዝም ቢል የእሱ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ግቢው ሁሉ እስኪያረጅ ሲያወራው ይኖራል። ስለ ጣውላው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አንደኛው ደግሞ ካልጠየቁት የሚናገር አይደለም። አራት ጣት ሙገሳውን በጣም ፈለገው።

«እኔ አልጫንኩም» አለ። «መሪ ይዤ ተቀምጬ ነበር እንጂ። በእኔ በኩል ሁለት ጣውላ እያነጠፈ፣ በአፉ እየመራ የጫነው እሱ ነው። እኔማ ልገድለው ነበር።»

ባለቤቱ ወደ አማቹ ዞረ። «እያወቅህ ዝም አልክ?»

«አማቴ ናቸው፤ ምን ብዬ ልንገርዎት?»

«አማትህማ ሊገድሉህ ነበር አሉህ!» ባለቤቱ ጠረጴዛውን መታ፤ ንዴቱ የእውነት ነበር። ቀጥሎ ግን ድምፁ ወረደ። «ከዛሬ ጀምሮ መሪ አትይዝም» አለው ጓደኛውን። «ሌላውን ነገ እናወራለን።»

«እሺ። የስምንቱን ወር ቅጽ ግን አውርደው።»

«ምን ልታደርገው?»

«ላርመው።»

«የተዘጋ ወረቀት ነው እኮ፣ ማን ያየዋል?»

«አውርደው አልኩህ።»

ባለቤቱ የሚቀልድ መስሎት ሳቅ ብሎ ነበር፤ ፊቱን ሲያየው ተወውና የቅጾቹን ሳጥን ከመደርደሪያው አወረደ። አራት ጣት ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ወረቀት ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ ስሙን ፈለገ፣ አንድ መስመር አሰመረበትና ከላዩ የአማቹን ስም ጻፈ። ሁለተኛውን አነሣ። አማቹ እጁ ላይ ያለውን ኪያቤ ኪሱ መክተቱንም ረስቶ በሩ ሥር ቆሞ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ አራት ጣት ገና ግማሹን አልጨረሰም።